የደም ግፊት አንደኛ

ዳይሬክተሩ ጡረታ ሲወጡ መምህራኑ በእንባ እንደሸኟቸው ያወራሉ። እንባ መኖሩ እውነት ነው፤ የምን እንባ እንደሆነ ግን ጠይቀው አያውቁም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልጅ ሲያሰልፉ፣ መምህር ሲያስፈርሙ፣ በየክፍሉ መስኮት ብቅ እያሉ ጸጥ ሲያሰኙ የኖሩ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ማለዳ ተነሥቶ የሚያሰልፈው ሲያጣ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። መጀመሪያ በራቸው ላይ ያሉትን ጫማዎች አሰለፉ። ቀጥለው የመደርደሪያውን ብርጭቆ በቁመት በቁመት ደረደሩ። ያ ሲያልቅባቸው ወደ መንገድ ወጡና የታክሲ ወረፋ ማስተካከል ጀመሩ። ተሳፋሪ እንኳ አልነበሩም።

ሰፈሩ "ደወል" የሚል ስም አወጣላቸው። ፊት ለፊት እንዲህ ብሎ የሚጠራቸው የለም፤ ከሩቅ ብቅ ሲሉ ግን "ደወሉ መጣ" ይባልና የሞቀ ጨዋታ ይቋረጣል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሳቸው ይህን አያውቁም። ሲደርሱ ሰው ዝም የሚለው ከአክብሮት ይመስላቸዋል፤ በዚህም ደስ ይላቸዋል።

እኔም "እሳቸው" እያልኩ እቀጥላለሁ። አንቱታ ይወዳሉ፤ ከኔ የሚያገኙትም እሱን ብቻ ነው። ባለቤታቸውን ግን "እሷ" እላታለሁ። የምትወደድ ሴት ናት፤ የሚወዱትን ሰው ደግሞ በአንቱታ ገፍተው አያርቁትም።

ፖስታ ቤት ደብዳቤ ስትለይ ኖራ ጡረታ የወጣች ናት። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ ከፍ የሚያደርግ ሰው ቤት ውስጥ ስላለ ሁለተኛ አላስፈለገም። የደም ግፊት አለባት። ከእናቷ የወረሰችው ነው፤ እናቷን ገና በደህና ዕድሜያቸው የነጠቃትም እሱ ነው። ስለዚህ ኪኒኗን በየማለዳው፣ አንድም ቀን ሳታስተጓጉል ትውጣለች። እንዲያም ሆኖ ግፊቷ እልኸኛ ነው። ዝቅ በል ቢባል ትንሽ ዝቅ ይልና እዚያው ይቆማል። ሐኪሙ "ይሄም ጥሩ ነው እናቴ፣ ብቻ እንዳያቋርጡ" ብሏታል። እሷም በዚህ ተስማምታ ትኖር ነበር።

ጤና ጣቢያው የአረጋውያን ጤና ክበብ ያቋቋመው በዚያ ሰሞን ነው። ሐሳቡ ሸጋ ነበር። በሳምንት አንድ ጠዋት ሽማግሌውም አሮጊቱም የሰፈሩ አዳራሽ ይሰበሰባል፣ እጅ እግሩን ያፍታታል፣ ስለ ጨውና ስለ ስኳር ምክር ይሰማል፣ ይጨዋወታል። በወር አንዴ ግፊቱን ይለካል። ቤቱ ተጋድሞ ኮርኒስ ሲቆጥር የሚውል ሰው ፊቱን ታጥቦ ከቤት የሚወጣበት ምክንያት ያገኛል። ሥራውን የያዘችው ነርስ ገና ከትምህርት የወጣች፣ ቀጭን፣ ሩጫ የበዛባት ልጅ ነበረች። ሁሉም ሲስተር ይላታል። እሷም ሁሉንም አባባና እማማ፣ ቀረብ ያለቻትን ደግሞ እትዬ ትላለች። ማንንም የማይጎዳ ሥራ ነበር የጀመረችው።

ከዚያ ሰብሳቢ ይመረጥ ተባለ። ሰብሳቢ የሚባል ነገር ባይኖር እዚህ የምጽፈውም አይኖርም ነበር። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ሲያይ ዳይሬክተሩ ተነሡና "ኃላፊነቱን ተቀብያለሁ" አሉ። የሰጣቸው ግን አልነበረም። ሰዉ አጨበጨበ፤ ቶሎ ወደ ቤቱ ለመሄድ ነው። ሲያረጁ አምባር ይዋጁ ይባላል። እሳቸው የዋጁት ፊሽካ ነው።

በሳምንቱ ፊሽካውን በአንገታቸው አንጠልጥለው መጡ። አጭሩን ከፊት፣ ረጅሙን ከኋላ አሰለፉ። ክንድ ወደ ፊት፣ ክንድ ወደ ጎን፣ አንድ ሁለት። መሐል ላይ ፀጉር አስተካካዩ እጁን አነሣ። ዕድሜውን ሙሉ ቆሞ የሰው ራስ ሲላጭ የኖረ ነውና የእግሩ ደም ሥር ገመድ ገመድ አክሏል።

"ጋሽ ዳይሬክተር፣ እኔ ቁጭ ብዬ ልሥራው። እግሬ አልቻለም።"

"መቀመጥ የፈለገ ቤቱ ይቀመጥ!"

"ወንበር ላይም ይቻላል እኮ አባባ" አለች ሲስተር ጠጋ ብላ።

"ዳይሬክተር በይኝ፣ ልጄ።"

ልጅቱም ተወችው። ተሳስታለች፤ ግን ብቻዋን ሦስት ሰፈር የምትሸፍን ነርስ ከአንድ ጡረተኛ ጋር ስትነታረክ እንድትውል አይጠበቅባትም። ሰዓት የሚያከብርላትና አዳራሹን የሚያስጠርግላት ሰው በማግኘቷ ደስ ሳይላትም አልቀረም።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሳቅ ነበር። የመለኪያው ቀን ሲደርስ ግን ሳቁ አበቃ። ዳይሬክተሩ ከአዳራሹ ዕቃ ቤት አቧራ የጠጣ ጥቁር ሰሌዳ አስወጥተው ግድግዳው ላይ አስደግፈው ጠበቁ። ሲስተር ክንድ ላይ ጨርቁን ጠምጥማ፣ የላስቲኳን ኳስ ጨምቃ፣ ቁጥሩን መዝገቧ ላይ ጽፋ ለባለቤቱ በጆሮው ልትነግር ስትል እሳቸው ከጀርባዋ ቆመው ጮክ ብለው ያነቡታል። ከዚያ በጠመኔ ይጽፉታል። ሁሉም ተለክቶ ሲያልቅ ዝቅተኛውን ከላይ፣ ከፍተኛውን ከታች አድርገው ደረጃ አወጡ።

"አንደኛ የወጣችው ባለ ሱቋ! አጨብጭቡላት! መጨረሻ የወጣው ደግሞ ብድግ ይበል፣ እንየው።"

መጨረሻ የወጣው ፀጉር አስተካካዩ ነበር። የልጅ ልጅ ያየ ሰውዬ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ በገዛ ደሙ ጥፋተኛ ሆኖ ቆመ። ወላጅ ይዘህ ና ማለት ነበር የቀራቸው።

"ይሄ ውድድር አይደለም እኮ" አለች ሲስተር ሰዉ ከወጣ በኋላ። "የአንዱ ሰውነት ከአንዱ ይለያል። ሊያፍሩ አይገባም።"

"ልጄ፣ ሰው ካላፈረ አይሻሻልም" አሏት። "ይሄን ትምህርት ቤት አያስተምሩሽም። እኔ ነኝ የማውቀው።"

እሳቸው ራሳቸው አይለኩም ነበር፤ ፈታኝ አይፈተንም። አንዴ ሲስተር ለምና ስትለካቸው ግፊታቸው ወጣት የሚያስቀና ሆኖ ተገኘ። ለራሳቸው ሳያስቀሩ ለሌላው ሰው ስለሚያድሉት ይሆናል።

የሚገርመው፣ ሰዉ ተሻሻለ። በሁለተኛው ወር ፀጉር አስተካካዩ ከመጨረሻ ተነሥቶ አምስተኛ ወጣ። በሦስተኛው ወር ግማሹ አዳራሽ ቁጥሩ ወርዶ ተገኘ። ዳይሬክተሩ ደረታቸው ተነፋ። ሲስተርም ግራ እየገባት ደስ አላት፤ ለአለቆቿ ስትነግር አለቆቿ ከሷ ይልቅ ደስ አላቸው። ያለ ተጨማሪ መድኃኒት፣ ያለ ተጨማሪ ሐኪም፣ በፊሽካ ብቻ የደም ግፊት የሚያወርድ ሰፈር ተገኘ ተባለ። እንዲህ ያለውን ወሬ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አይጠረጥርም።

እውነቱ ይህ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ያን ዕለት አፍሮ ቤቱ ከገባ በኋላ አሰበበት። ኪኒን ግፊት ያወርዳል። አንድ ኪኒን ትንሽ ካወረደ ሦስት ኪኒን ብዙ ያወርዳል። በሚቀጥለው የመለኪያ ቀን ማለዳ ሦስቱን በአንድ ጉንጭ ውሃ ዋጠና መጣ፤ ራሱን እያዞረው አምስተኛ ወጣ። ለባለ ሱቋ ነገራት፣ ባለ ሱቋ ለደንበኞቿ ነገረች። ሱቅ የገባ ወሬ ደግሞ ከሳሙናው ጋር ተጠቅልሎ በየቤቱ ይደርሳል። ትንሽ ቆይቶ ነገሩ ከዚህም ባሰ። ሰዉ በየቀኑ የታዘዘለትን መዋጥ ትቶ ለመለኪያው ቀን ማጠራቀም ያዘ። "ፈተና በሌለበት ቀን ማን ያጠናል?" ይላል ፀጉር አስተካካዩ፣ ሰው ሲያስቅ። ወሩን ሙሉ ግፊታቸው ጣራ ነክቶ ይሰነብታል፤ በመለኪያው ቀን ጠዋት እፍኝ ውጠው፣ ግድግዳ ተደግፈው ይመጡና ይጨበጨብላቸዋል። የደጉን ክበብ ሥራ ገልብጠው፣ ሰው የሚታመምበት ክበብ አደረጉት። ሞኝ ናቸው ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሞኞች አይደሉም፤ የፈሩት መሞትን ሳይሆን ሰሌዳውን ነበር።

ይህን ሁሉም ያውቃል። የማያውቁት ሰብሳቢውና ሲስተር ብቻ ናቸው።

ባለቤታቸውም ታውቅ ነበር። ዳቦ ልትገዛ ሱቅ የሄደች ዕለት ባለ ሱቋ በጆሮዋ ነግራታለች። እሷ ግን ኪኒኗን እንደ ወትሮዋ አንድ አንድ እያለች ዋጠች፤ የእናቷን ፊት አትረሳም። ስለዚህ ሌላው ወደ ላይ ሲወጣ እሷ ወደ ታች ወረደች።

"ሃያ ሁለተኛ!" አሏት አንድ ቀን ጫማቸውን ሳያወልቁ። "የሰብሳቢው ሚስት፣ ሃያ ሁለተኛ!"

"ገና ሦስት ሰው ከኋላዬ አለ እኮ" አለች፣ ልታስቃቸው ብላ።

አልሳቁም። "ኪኒኑን በሥርዓት እየዋጥሽ ነው?"

"በየቀኑ።"

"ታዲያ ሰዉ ምን አድርጎ ነው የሚበልጥሽ?"

"ሰዉማ... ሰዉ እኮ የሚውጠው በመለኪያው ቀን..."

"ሰበብ!" ብለው እጃቸውን አነሡ። "ሰነፍ ሰበብ አያጣም። ሌላው ቢሻሻል በጥረቱ ነው።"

እሷም ወደ ወጥ ቤቷ ተመለሰች። ሲነገረው የማይሰማን ሰው ምን ይሉታል? እሳቸው ግን በዚህ አልበቃቸውም። የጨዉን ዕቃ ከወጥ ቤት አንሥተው ቁም ሳጥናቸው ውስጥ፣ ከኮታቸው ሥር ቆለፉበት። ለራሳቸው ሲያሻቸው ያወጣሉ። ማታ ማታ እሷ ጎን ተቀምጠው ክንዷን እያዩ ይተክዛሉ፤ ክንዷን ግን ነክተውት አያውቁም።

ከጤና ቢሮ እንግዶች ይመጣሉ የተባለው በዚህ መሐል ነው። ክበቡ ለሌሎች ሰፈሮች አርአያ ሊደረግ ነው፤ ሰብሳቢው ንግግር ያደርጋሉ፤ እንግዶቹ ፊት አባላቱ ይለካሉ፤ አንደኛ ለወጣው ሽልማት ይሰጣል። ዳይሬክተሩ ኮታቸውን ሁለቴ አስተኮሱ። የተኮሰችው እሷ ናት።

"ነገ እንዳታሳፍሪኝ" አሏት ኮቱን ሲቀበሉ። "ሌላ ምንም አልጠይቅሽም። ዕድሜ ልኬን ምንም ጠይቄሽ አላውቅም።"

ይህን ሲሉ አልቀለዱም። ይህ ነው የሚያቃጥለኝ። ሲያጎርሳቸው የኖረውን እጅ፣ ሲለብሱ የኖሩትን ልብስ፣ ሁሉን ረስተው፣ ምንም ጠይቄሽ አላውቅም አሉ፤ ከልባቸውም አመኑት። "እሺ" ብቻ አለች።

ማለዳ ላይ አዲሱን የኪኒን ማሸጊያ ከፈተች። ስንት እንደዋጠች በኋላ ለሐኪሙ ነግራዋለች፤ ለሌላ ሰው ተናግራ አታውቅም። ዳቦ ውስጥም ጨው አለ ብላ ቁርሷን ተወች። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ደህናውን ጫማዋን ተጫማች፣ ከባሏ ሁለት እርምጃ ኋላ ሆና ወደ አዳራሹ ሄደች።

አዳራሹ ሞልቷል። ሁለት እንግዶች ከፊት ተቀምጠዋል፣ ፎቶ አንሺ ከኋላቸው ይመላለሳል። የዳይሬክተሩ ንግግር ርእሱ "ጤናማ እርጅና በሥርዓት" ነበር። ረጅም ነው። እርጅናውን አይቼዋለሁ፣ ሥርዓቱንም አይቼዋለሁ፣ ጤናው የት እንደገባ ግን አላገኘሁትም። አባላቱ ባዶ ሆዳቸውን፣ ኪኒናቸውን ውጠው፣ እያዛጉና እየገረጡ አዳመጡ። አንዱ ሽማግሌ እንቅልፍ የወሰደው መስሎ ወደ ጎን ዘመም ሲል ጎረቤቱ በክርኑ አቃናው።

መለካት ተጀመረ። ሲስተር ጠረጴዛዋ ላይ፣ ዳይሬክተሩ ማይክራፎን ይዘው ከኋላዋ ሆኑ። ቁጥሩ አንዱ ከአንዱ ያምራል፤ እንግዶቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የባለቤታቸው ተራ ደረሰ። ቁጭ ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች። ከንፈሯ ነጥቷል። ሲስተር ኳሷን ጨመቀች፣ ለቀቀች፣ አዳመጠች፣ ፊቷ ተለወጠ። እንደገና ጨመቀች።

"እትዬ፣ ያዞርዎታል እንዴ? ቁርስ በልተዋል?"

"ትንሽ ደክሞኝ ነው መሰለኝ ልጄ።"

ዳይሬክተሩ በትከሻዋ በኩል አጎንብሰው መዝገቧ ላይ የጻፈችውን ቁጥር አዩ። ሰማንያ አምስት በሃምሳ። እንዲህ ዝቅ ያለ ቁጥር በዚያ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ አያውቅም። ደማቸው ሞቀ።

"ቆይ አባባ፣ ይሄ ጥሩ አይደለም..." ብላ ሲስተር ጀመረች።

"ክቡራን እንግዶች!" አለ ማይክራፎኑ። "እስካሁን ከተመዘገበው ሁሉ የሚበልጥ ውጤት! አንደኛ የወጣችው... በኩራት ነው የምናገረው... የኔው ባለቤት ናት! ነይ፣ ወደ ፊት ነይ!"

አዳራሹ አጨበጨበ። እሷም ቀና ብላ አየቻቸው። ባሏ በሰው ፊት በኩራት ሲጠሯት የመጀመሪያዋ ነው። ፈገግ አለች። ሲስተር እጇን ልትይዛት ስትል ብድግ አለች፣ ሁለት እርምጃ ተራመደች፣ ከዚያ ወደቀች። ግንባሯ የአግዳሚውን ጠርዝ መታ፣ እጇ ከሥሯ ታጠፈ። ፈገግታው ከፊቷ ሳይጠፋ ነው የወደቀችው።

ጭብጨባው አንዴ ስለተጀመረ ወዲያው አልቆመም። ዳይሬክተሩ ጎንበስ ብለው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ማንም እንዳይሰማ ተጠንቅቀው፣ "ተነሺ እንጂ፣ እንግዶች አሉ" አሏት።

ማይክራፎኑ በእጃቸው ነበር። ከእንግዶቹ ጀምሮ በር ላይ እስከቆመው ሰው ድረስ ሁሉም ሰማው።

"ይልቀቁ!" ብላ ሲስተር በሁለት እጇ ገፋቻቸው። ዳይሬክተር አላለቻቸውም፣ አባባም አላለቻቸውም። "እግራቸውን ከፍ አድርጉ! ወንበር አምጡ!" ፀጉር አስተካካዩ በዚያ ገመዳም እግሩ ተንበርክኮ እግሯን አቅፎ ያዘ፣ ሲያለቅስም ታየ። ከጤና ቢሮ የመጣው መኪና ያን ቀን ለጤና ዋለ፤ እሷን ጭኖ ሆስፒታል አደረሰ።

ሐኪሙ ግንባሯን ሰፋ፣ ግሉኮስ ሰካ፣ የእጇን አንጓ ራጅ አስነሥቶ ጀሶ አደረገ። "ስብራቱ ይድናል" አለ። "እኔን ያሳሰበኝ ኩላሊታቸውና ጭንቅላታቸው ነው። ደም ሳይደርሳቸው ቆይቷል። አንድ ሁለት ቀን ሳናይ ይተርፋሉ ማለት አልችልም።"

ፀጉር አስተካካዩ ኮሪደሩ ላይ ዳይሬክተሩ ጎን ተቀመጠና ሁሉንም ነገራቸው። ሦስቱን ኪኒን፣ ባለ ሱቋን፣ ማጠራቀሙን፣ አንድም ሳይደብቅ። "እኔ ነኝ የጀመርኩት" አለ። "ምን ላድርግ፣ ብድግ ብዬ መቆም አቃተኝ።"

ዳይሬክተሩ መሬት መሬት እያዩ አዳመጡት። እሳቸውም ሰው ናቸውና፣ ፀጉር አስተካካዩ አንድ ነገር የገባቸው መሰለው። በመጨረሻ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

"ኩረጃ!" አሉ።

"እንዴት አሉኝ?"

"አታለላችሁኝ። ያ ሁሉ ውጤት ኩረጃ ነው! ስም ስጠኝ። ማን ማን ነው?"

ፀጉር አስተካካዩ ተነሣ። "ጋሽ ዳይሬክተር፣ ስንት ዓመት ሰው መስታወት ፊት ሳስቀምጥ ኖሬያለሁ" አለ። "ራሱን አይቶ ቅር የማይለው ሰው ዛሬ ገና አየሁ።" ኮፍያውን አድርጎ ሄደ።

ማታ ልብሷን ሊያመጡላት ቤት ገቡ። ቁም ሳጥኑን ከፈቱ። ከላይ እስከ ታች የሳቸው ነው፤ ኮት፣ ክራቫት፣ የተጣጠፈ ሸሚዝ። የሷ የሆነው አንድ መደርደሪያ ነው፤ እሱንም የት እንደሆነ ፈልገው ነው ያገኙት። የሌሊት ልብሷ የቱ እንደሆነ አላወቁም። እዚህ ላይ አፈሩ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ ነበር። ተናደዱ እንጂ አላፈሩም፤ "ሰው ዕቃውን በቦታው አያስቀምጥም?" ብለው ለባዶው ቤት ጮኹ። ቀሚሷን ግን ከመደርደሪያው ማውረድ አቅቷቸው ሁለቴ ጣሉት። ብትሞትስ የሚለው ነገር እዚያ፣ ቀሚስ ከወለል ሲያነሡ ነው መጀመሪያ የመጣባቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ማንንም የማያሰልፉ፣ ማንንም የማያርሙ ሰው ሆነው ቆዩ።

አልሞተችም። ከሳምንት በኋላ እጇን በጀሶ፣ ግንባሯን በፕላስተር አድርጋ ቤቷ ገባች። አሁን መጠኑ የተቀነሰ ኪኒን ታዞላታል፣ ቀስ ብላ እንድትነሣ፣ ግፊቷም ቤቷ ድረስ እየተመጣ እንዲለካ ተብሏል። ሐኪሙ ባልና ሚስቱን ቁጭ አድርጎ ነግሯቸዋል፤ መዋጡን ከተወችም፣ ካበዛችም ሁለተኛ አትተርፍም።

ዳይሬክተሩ በቀጣዩ የክበብ ቀን ወደ አዳራሹ ሄዱ። ስለ ኩረጃ የሚናገሩትን በልባቸው አጥንተዋል። አመል ያወጣል ከመሐል ይባላል፤ እሳቸው ግን መውጣታቸውን አላወቁም ነበር። በሩን ሲከፍቱ ሰልፍ የለም። ወንበሩ ክብ ተሠርቶ ሰዉ ተቀምጧል፤ ፀጉር አስተካካዩ ተቀምጦ እጁን ያፍታታል፤ ሰሌዳው ወደ ዕቃ ቤቱ ተመልሷል። ጥግ ላይ መጋረጃ ተጋርዷል። ሲስተር ከመጋረጃው ጀርባ አንድ በአንድ ትለካለች፣ ቁጥሩን ለባለቤቱ ብቻ ትናገራለች። እሷም ለዚህ እንድትበቃ ሰው መውደቅ ነበረበት፤ ይህን ታውቃለች፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ዳይሬክተሩ ሲገቡ ጨዋታው አልተቋረጠም።

"ከፈለጉ ወንበር ይሳቡና አብረው ይሥሩ" አለቻቸው። "ሰብሳቢ ግን አያስፈልገንም።"

ፊሽካቸውን በኪሳቸው ከተው ወጡ። እንኳን ሊያስቀራቸው የሞከረ፣ ቀና ብሎ ያያቸውም አልነበረም።

በማግስቱ ሲስተር መለኪያዋን በቦርሳ ይዛ ቤታቸው መጣች። ባለቤታቸው መኝታ ቤት ትራስ ተደግፋ ጠበቀቻት። ዳይሬክተሩ ለሲስተር ወንበር አቀረቡ፣ ለራሳቸውም ሌላ ወንበር አምጥተው አልጋው ራስጌ አስጠጉት። መነጽራቸውን አደረጉ።

"እርስዎ ትንሽ ውጭ ይቆዩልን" አለች ባለቤታቸው።

"እኔ?"

"አዎ።"

"ባልሽ ነኝ እኮ!"

"እሱማ ነዎት" አለች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ዝቅ ያለ ነው፤ የተቆጣም የለበትም። "ይውጡና በሩን ይዝጉልኝ።"

ሲስተርን አዩ። ሲስተር ቦርሳዋ ውስጥ የሆነ ነገር ትፈልጋለች። ወጡ። በሩንም ዘጉት።

ኮሪደሩ ጠባብ ነው፣ መቀመጫ የለውም። ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ኳሷ ስትጨመቅ ይሰማል፣ ከዚያ ጸጥታ፣ ከዚያ አየሩ ቀስ ብሎ ሲወጣ። ሲስተር ዝቅ ብላ አንድ ነገር ተናገረች፣ ሚስታቸው መለሰች። ምን እንደተባባሉ አልተሰማም። ቀጥሎ ሚስታቸው ሳቀች። ጆሯቸውን በሩ ላይ አስጠጉት። ዝቅ ነው ከፍ? ሐኪሙ ያለው ትዝ አላቸው።

ሲስተር ብቅ አለች። "እሳቸውን ይጠይቋቸው" አለችና በሩን አልፋ ሄደች።

ገቡ። ሚስታቸው የደህናውን እጇን እጅጌ በጀሶው እጇ ጣቶች ለማውረድ ትታገላለች። ልረዳሽ ሊሉ ፈለጉ። እንዴት ነሽ፣ ፈራሁ፣ ያን ቀን ያልኩትን ይቅር በይኝ ሊሉ ፈለጉ፤ በዚያች ቅጽበት ይህን በእውነት ፈልገዋል፣ አልነፍጋቸውም። አፋቸውን ከፈቱ።

"ስንት ሆነ?" አሏት።

"ደህና ነኝ" አለቻቸው፣ እጅጌዋን ማውረዷን ሳታቆም።